የልብስ ሰፊው የእንፋሎት ሞተር

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለቡሎን፣

እንደምን ሰነበትክ? ሰላምታዬ የዘገየ ነው፤ ሁለቱንም ደብዳቤዎችህን ተቀብዬ ለአባባም አነበብኩለት፤ መልስ ግን ሳልሰጥ እዚህ ደርሻለሁ። ምክንያት ልደረድር አስቤ ነበር፤ አንተ ግን የምደረድረውን ከነአራት ነጥቡ ስለምታውቀው ተውኩት። ሱቁ ሥራ በዝቶበታል። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ጊዜ ነው፤ ሰማያዊ ጨርቅ በሕልሜ ሁሉ መቁረጥ ጀምሬያለሁ።

አባባ እንዴት ነው ብለሃል። ደህና ነው። ሳሉ ተሽሎታል፤ ልቡ ግን ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቶሎ ይደክማል። ወደ ሱቅ መውረድ ትቷል፤ ፎቅ ላይ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ይውላል። ለምን አትደውዪም ላልከው፣ ስልኩ ያለው እሱ ራስጌ ነው። ሰውየው እየሰማ ስለ ሰውየው ምን ይወራል?

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይህን ደብዳቤ የሰጠህ ሾፌር አንድ ካርቶንም ይሰጥሃል። ቀስ ብለህ ክፈተው። የአባባ የእንፋሎት ሞተር ናት። አዎ፣ ያቺው መጫወቻ፤ ልጆች ሆነን እሁድ ከሰዓት ጨርቁን ሁሉ ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ አንስቶ ውሃ የሚሞላት፣ ስፒሪቱን ለኩሶ «ወደ ኋላ!» እያለ የሚያስፈራራን። ሰሞኑን ከመሬት ተነስቶ «ሞተሬ የት ደረሰች?» አለኝ። ፈልጌ ፈልጌ ቁም ሳጥኑ ላይ ከአሮጌ ጨርቅ ስር አገኘኋት። ቀበቶዋን አይጥ በልቶታል። ከስር የምትነደው ማንደጃዋ የለችም፣ የውሃ መሙያው ክዳን የለም፣ ከፒስተኑ ወደ ሽክርክሪቷ የምትሄደው ዘንግም የለችም። «ለቡሎን ላኪለት፣ እሱ ያስነሳታል» ብሏል፤ የቀረውን አንተ ታየዋለህ።

ከአንተ አንድ ነገር ሲፈልግ ስሰማው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ እባክህ ቶሎ በል። የልቡን ነገር ነግሬሃለሁ። ሞተሯን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይዛት ቢያልፍ እኔ ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም።

እህትህ

ጥቅምት 26

እታለም፣

ካርቶኑ በደህና ገባ። ሾፌሩ «እንዲህ የምትንሰፈሰፉለት እንቁላል ነው እንዴ?» እያለ ነው ያስረከበኝ። ብረት የምንቀርጽበት ቶርኖ ቤት ውስጥ ስከፍተው ሠራተኛው ሁሉ ከበበኝ። አለቃዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየት አደረጋትና «ይህቺን የጠገናት ሰው መካኒክ አይደለም» አለ። «ልብስ ሰፊ ነው» ስለው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እታለም፣ በደንብ አይተሻታል? የጭስ ማውጫዋ ጫፍ ላይ ያለችው አባባ ሲሰፋ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ የሚያጠልቃት የብረት ቆብ ናት! ሽክርክሪቷ የራሷ አይደለችም፤ ከስፌት መኪና ክር መጠቅለያ ላይ የተነቀለች ትንሽ የነሐስ ጎማ ናት። ፒስተኑ ላይ ሰም የጠጣ ክር ተጠምጥሟል። ውሃ የሚፈላበት ጎኗ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ለመድፈን ቀልጦ የተንጠባጠበ የብየዳ ሊድ አለ፤ ሽምብራ የሚያህል፣ ቅርጽ የሌለው እብጠት። ምንም የብረት መሣሪያ ሳይኖረው ነው እኮ ያስነሳት።

መቼ ነው የምትመጣው ብለሽ በሾፌሩ አፍ ልከሽብኛል። አባባ ና ብሎኝ አያውቅም። ከቤት ስወጣ «ብረቱ ካስደሰተህ እዚያው ከብረትህ ጋር ኑር» አለኝ፤ እኔም እልኸኛ ነኝና ኖርኩለት። አሁን ሳስበው ሁለታችንም የምር ያልነው አይመስለኝም። ግን ጊዜው እንዲሁ ሄደ፤ በየዓመቱ «ዘንድሮ ይጠራኛል» እያልኩ ስጠብቅ ሄደ። እንዴት እንደሚቆጨኝ ብታውቂ።

ሞተሯ ግን ትሄድልኛለች። ፋብሪካ ባወጣት ቀን እንደነበረች አድርጌ ነው የምመልስለት። አንድ የድሮ መጫወቻ የሚሰበስብ ደንበኛ አለን፤ የዚችኑ ዓይነት ፎቶ አምጥቶልኛል። ቀይና አረንጓዴ ነበረች፤ ፉጨትም ነበራት። አባባ ሲያያት ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስሠራ እንደኖርኩ ይገባዋል። በአፌ ልነግረው አልችልማ።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የመጀመሪያዋ ሽክርክሪት ምን ትመስል እንደነበር አባባን ጠይቂልኝ። ሁለተኛ፣ ደብዳቤዎቼን «አነበብኩለት» ብለሻል። ራሱ ማንበብ ትቷል እንዴ?

ቡሎን

ኅዳር 15

ቡሎኔ፣

ሁለተኛውን ጥያቄህን ላስቀድም። መነጽሩ ላይ ተቀመጠበትና ተሰበረ፤ አዲስ እስኪሠራለት እኔ አነብለታለሁ። ነገር አታብዛ።

ስለ ሽክርክሪቷ ጠየቅሁት። «የምን ሽክርክሪት ነው የሚጠይቀኝ? አለች አይደል እንዴ!» ብሎ ተቆጣ። የፋብሪካዋን ነው ብዬ ላስረዳው ብል «አለች አልኩሽ!» ብሎ ዘጋኝ። ሰውየው እያረጀ ነው፤ አንዳንዴ ነገር ይምታታበታል፤ ልብ አትበለው። ሌላም ሊል የፈለገው ነገር ነበር፤ ታች ሱቅ አንዲት ደንበኛ «ኧረ የት ገባሽ?» እያለች ስትጣራ ጥዬው ወረድኩ።

በየቀኑ «የት ደረሰች?» ይለኛል። የእኔ ወንድም ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣች ካላደረግኋት ይላል። ምን አለበት፣ ተንቀሳቅሳ ብትመጣ ይበቃዋል እኮ። ሐኪሙ ባለፈው ልቡን አዳምጦ ሲያበቃ ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። የነገረኝን አልጽፍልህም። ቶሎ በል ማለቴ ግን ለወግ እንዳይመስልህ።

ሾፌሩ እጅህ እንደተቃጠለ ነግሮኛል፤ ቁስሉ እንዴት ሆነ? «ትንሽ ነው» ካልከውማ ትልቅ ነው ማለት ነው።

እህትህ

ታኅሣሥ 10

እታለም፣

አለቀች!

እጄ ድኗል። ዘግይተሃል ያልሽኝ እውነት ነው፤ የምሳ ሰዓቴን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ አለቃዬ ቶርኖውን የሚለቅልኝ ያኔ ነው። ግን ስታያት ይቅር ትይኛለሽ። ሽክርክሪቷን ራሴ አቅልጬ አፈሰስኳት፤ ነሐስ ናት፤ ስትዞር የምትዞር አትመስልም። የጎኗን እብጠት አንስቼ ቀዳዳውን ከውስጥ ደፈንኩት፤ አሁን እጅሽን ብታሳልፊበት ቀዳዳ ነበረ አትይም። የፒስተኑን ክር አውጥቼ የላስቲክ ቀለበት አደረግሁለት። የጭስ ማውጫው፣ ማንደጃው፣ ክዳኑ፣ ሁሉም እንደ ፎቶው ነው። ቀይና አረንጓዴ ቀባኋት። ፉጨቷን ስሞክር ከጎረቤት ጋራዥ ሰዎች ሮጠው መጡ።

አለቃዬ ሰው አያመሰግንም፤ አንቺ ባታውቂውም እኔ ከነገርኩሽ ታውቂዋለሽ። እሱ እንኳ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ይህቺን ለሰው ትሰጣለህ?» አለኝ። ለአባቴ ነው ስለው «እንግዲያው እሺ» አለ። ከእሱ አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ብርሃን ባለበት በኩል አስቀምጪለት። ቀበቶዋ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ በእጅሽ አዙሪያት። አባባ ሲያያት ፊቱ ምን እንደሚሆን፣ መጀመሪያ የትኛውን እንደሚያይ፣ ሁሉንም ጻፊልኝ። አንዲትም እንዳታስቀሪብኝ።

ቡሎን

ጥር 2

ወንድሜ፣

እንዴት እንደምጽፍልህ ሳላውቅ ቀናት አለፉ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ይሄኛውን ሳላነበው አሽገዋለሁ።

አባባ አያይም። ሁለቱም ዓይኖቹ ከጠፉ ቆይቷል። የተሰበረ መነጽር የለም። ሐኪሙ የዓይኑ ነርቭ ነው፣ አይመለስም ብሎናል። እንዳልነግርህ ያስማለኝ ራሱ ነው። «ቡሎን እንዲህ ሆኜ አያየኝም። ከሰማ በእዝነት ይመጣል፤ በእዝነት የመጣ ልጅ አልፈልግም» አለኝ። እኔም ማልኩለት። ሞኝ ነኝ።

ሞተሯ የመጣች ቀን ንጹሑን ጃኬቱን አልብሺኝ አለ። ጠረጴዛውን አጸዳሁ። እጁን ይዤ አስነካሁት። መጀመሪያ አሸተተ፤ «ቀለም ቀለም ይላል» አለ። ከዚያ ጣቱ ወደ ሽክርክሪቷ ሄዶ ቀጥ አለ። ወደ ጭስ ማውጫዋ ሄደ። ጎኗን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ዳበሰ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ይህቺ የማን ናት?» አለኝ።

«ያንተ ናት አባባ።»

«የእኔን አላውቃትም እንዴ? እዚያ ቶርኖ ቤት ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጣባቸው ነው። መልሺላቸው፤ የማን ልጅ መጫወቻ እንደሆነች ምን ይታወቃል፣ እያለቀሰ ይሆናል።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? ምናልባት ስትሄድ ድምጿን ያውቀው ይሆናል ብዬ ለኮስኳት። እንዴት እንደምታምር ብነግርህ አታምነኝም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም፤ ቆሜ ነው ያለቀስኩት። ስታፏጭ ግን ደንግጦ ወደ ኋላ አለና «የእኔዋ አታፏጭም» አለ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቂልኝ አለኝ።

አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለ። ያኔ ደንበኛዋ ጠርታኝ ስወርድ አባባ ከኋላዬ «ሌላውን አይንካብኝ በይው፣ የጎደለውን ብቻ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ሰምቼዋለሁ። የሽማግሌ ጭቅጭቅ መስሎኝ አልጻፍኩልህም። እያረጀ ነው፣ ይምታታበታል አልኩህ። የተምታታብኝስ እኔ ነኝ።

አሁንም «የእኔዋ መቼ ትመጣለች?» ይላል። ያቺው ናት፣ ቡሎን የሠራኸውን ሁሉ አውጥቶ ጣለብህ ልለው አልቻልኩም። በመንገድ ላይ ናት እለዋለሁ። አንተም ተነስተህ እንዳትመጣ፤ አስምሎኛል፤ ድምፅህን ድንገት በሩ ላይ ቢሰማ ልቡ የሚችል አይመስለኝም።

ይቅር በለኝ።

እህትህ

ጥር 9

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ በጣም ተናደድኩብሽ። ይህን ሳልጽፍልሽ ሌላውን መጻፍ አልችልም። በየደብዳቤዬ «ሲያያት» እያልኩ ስጽፍ ዝም ብለሽ ታነቢ ነበር! ብርሃን ባለበት አስቀምጪለት ስልሽ እንኳ!

ከዚያ ንዴቱ ወጣልኝና ራሴን አየሁ። አንቺ አንዲት ቃል ነው ያስቀረሽው። እኔ ግን የአባቴን የእጅ ሥራ በገዛ እጄ ለቃቅሜ አውጥቻለሁ፤ እየሳቅሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የጎደለና የተጨመረ ነው ያየሁት፤ ሰው የሠራው ነው ብዬ አላሰብኩም። ሳላውቅ አይደለም እኮ፤ ምንም የብረት መሣሪያ ሳይኖረው ነው ያስነሳት ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ጽፌም አልተመለስኩም።

የት ጣልካቸው ብለሽ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም፤ ልንገርሽ። ትንሿን ጎማ ከቁርጥራጭ ነሐስ ጋር አብሬ አቅልጫታለሁ። አዲሷ ሽክርክሪት ውስጥ አለች ማለት ነው፤ ግን ለሚዳስስ ሰው ይሄ ምን ይጠቅመዋል? የጣቱ ቆብ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች፤ ከጥራጊ ጋር ሄደች። የጥራጊውን በርሜል ገልብጬ በእጄ ፈለግኋት፤ የለችም። ክሩን አቃጠልኩት። ሊዱ መሬት ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ።

አልመጣም። በምን ፊቴ? ግን ሞተሯን መልሰሽ ላኪልኝ። እንደነበረች አደርጋታለሁ። ጣቱ ምን ምኑን እንደፈለገ፣ የት የት እንደቆመ በደንብ አስታውሺና ጻፊልኝ። እስኪ ብልጥ ሆነሽ አባባንም ቀስ እያልሽ ጠይቂው።

ቡሎን

ጥር 24

ቡሎኔ፣

ስድብህን ተቀብያለሁ፤ የተገባኝ ነው። ከዚያ በላይ ትለኛለህ ብዬ ነበር።

ሞተሯን በሾፌሩ ልኬያለሁ። ከእሷ ጋር የምታገኛት የጣት ቆብ የአባባ ሁለተኛዋ ናት፤ ከመሳቢያው ወስጄ ነው። ታች ከማትሠራው የስፌት መኪና ላይም ትንሿን ጎማ ነቅዬልሃለሁ። የዚያችኛዋ እህት ናት፤ ተመሳሳይ መኪና ነው። ሰም የጠጣ ክርም አለ።

እንዳልከኝ በዘዴ ጠየቅሁት። «አባባ፣ ሞተርህ ስትመጣ እንዳይለዋውጡብን ምልክቷን ንገረኝ» ስለው ደስ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነግረኝ ዋለ። ጎማዋ ላይ በአንድ በኩል የተሸረፈ አለ፤ ቀበቶው እዚያች ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ይላል። ጎኗ ላይ ያለችው እብጠት ከላይዋ ሻካራ፣ ከስሯ ሹል ናት። ቆቧ ወደ ግራ ታዘነብላለች። «ሁሉም ነገር ጠማማ ነው፤ ግን ትሄዳለች!» አለ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል።

በሌላ በኩል ግን ልንገርህ፣ ትናንት ከወንበሩ ወደ አልጋው ሦስት ጊዜ አርፎ ነው የደረሰው። ከንፈሩ ይጠቁራል። «ሳትመጣ እንዳልቀድማት» አለኝ። ወይ እሷ ትመጣለች ወይ እሱ ይሄዳል ማለቱ ነው፤ ይቀልዳል። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እህትህ

የካቲት 19

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ለአባባ አታንብቢለት። ሞተሯ አብራ መጥታለች።

እንዲህ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ቀለሙን መላጥ፣ በጥላሸት ማጥቆር፣ ፉጨቷን መንቀል ቀላል ነው። ጎማዋን መሸረፍም አያቅትም። ያቺ እብጠት ግን ገደለችኝ! ሊዱን ባንጠባጥበው ክብ ሆኖ ያበራል። በግራ እጄ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። አንስቼ እንደገና፣ አንስቼ እንደገና። እጄ እምቢ አለኝ፤ መጥፎ ሥራ መሥራት ረስቷል። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ምን እያደረግህ ነው?» አለ። «እያበላሸሁ ነው» አልኩት። «ይህን ለመማር አሁን መጀመርህ ነው?» ብሎኝ ሄደ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

አንድ ቀን ግን አባባ ይህን በምን ሠራው ብዬ አሰብኩ። የሊድ ማቅለጫ ብረት የለውም። ያለው ምንድነው? መቀስ! የመቀሱን ጫፍ እሳት ላይ አግሎ ነው ሊዱን የጎተተው፤ ከስሯ ሹል የሆነችው ለዚያ ነው። ሮጬ መቀስ ገዛሁ። ወጣችልኝ። እጄንም ትንሽ አቃጠለኝ፤ እሱንም ሳያቃጥለው አልቀረም።

ክሩን ደግሞ ልንገርሽ። የላስቲክ ቀለበቱን አውጥቼ እሱ እንዳደረገው ሰም የጠጣውን ክር ጠመጠምኩና ለኮስኳት። እታለም፣ ከእኔ ላስቲክ ይልቅ ለስለስ ብላ ሄደች። ድምጿ እንኳ ተለወጠ፤ የልጅነታችን ድምፅ ሆነ። ቆሜ ቀረሁ። እኔ ባለሙያው ያወጣሁት ነገር ከእኔ ይበልጥ ነበር። እንዲህ የሚያውቅ አባት ነበረኝና አንድ ቀን ተቀምጬ አልጠየቅሁትም። ብረት አይወድም ብዬ ደምድሜ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀይሜው።

ያልተመለሰ አንድ ነገር ቀርቷል። ልመልሰው የምችለው ስላልሆነ አልጽፈውም። ጣቱ እዚያ ባይደርስ ብዬ እየተመኘሁ ነው።

ቡሎን

መጋቢት 8

ቡሎኔ፣ ወንድም ዓለም፣

ተቀመጥ። ተቀመጥና አንብብ።

አታንብቢለት ብለኸኝ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ በልቤ ሳነብ «ወረቀት ሰማሁ። የቡሎን ነው? አንብቢ» አለኝ። ዛሬስ አልዋሽም አልኩና ሁሉንም አነበብኩለት፤ «አታንብቢለት» የሚለውን ሳይቀር። የመጀመሪያዋም የራሱ ሞተር እንደነበረች፣ ጎማዋን እንዳቀለጥካት፣ ሁሉንም አወቀ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። ምሳውን መለሰ። ገደልኩት ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት «አምጫት» አለ። ጃኬቱን አልጠየቀም። አልጋው ላይ ቀና አድርጌው ጭኑ ላይ አስቀመጥኳት። ጎማዋን በጣቱ አዞረና «እህ» አለ። እብጠቷ ጋ ሲደርስ ፈገግ ብሎ «መቀስ መሆኑን አገኘው፣ ይሄ ልጅ» አለ። ቆቧን ነካ። ከዚያ እጁ ወደ ታች ወርዶ የተቀመጠችባትን የእንጨት ሰሌዳ ጥግ ያዘ። አውራ ጣቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። በጣም ቆየ።

ከዚያ ሳቀ! «ይኸውልሽ! የዚያ ልጅ ጥርስ!» አለ። ለካ አንተ ጥርስ ስታበቅል ያችን ጥግ ነክሰሃታል፤ እሱ እየጮኸብህ፣ እናታችን «ተወው ድዱ አሳክኮት ነው» እያለች። እኔ ረስቼው ነበር፤ እሱ አልረሳም። «ከሺህ ሞተር መካከል ብትሆን በዚህች አውቃታለሁ። የእኔዋ ናት። እንዳለች መለሰልኝ በይው፤ ምንም አልጎደለባትም በይው» አለኝ። ለኮስኩለት። መዳፉን ሰሌዳዋ ላይ አድርጎ እስክትቆም ድረስ አዳመጣት።

ሌላም አለ። «ይምጣ» አለ። በራሱ አፍ። «እኔ እንደሁ አላየው፤ ምን ያሳፍረኛል?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ቶሎ ና። ሐኪሙ ዛሬም ኮሪደር ላይ ጠርቶኛል። ቶሎ ና።

እህትህ

መጋቢት 15

እታለም፣

ይህን ዛሬ ለሚነሳው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ እኔ ነገ እከተለዋለሁ። ታች ሱቅ ውስጥ አንብቢው፤ ፎቅ ላይ እንዳትከፍቺው። ወረቀት ይሰማል።

ደብዳቤሽን ቶርኖው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። አለቃዬ ማሽኑን አጥፍቶልኝ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። አንቺ በደስታ ያለቀስኩ ይመስልሽ ይሆናል።

ሰሌዳዋ የድሮዋ አይደለችም። አልጽፈውም ያልኩሽ እሱን ነበር። የድሮዋ ተጣምማ ነበር፤ ጥግዋም ላይ ትንንሽ ስርጉድ ነገሮች አይቼባታለሁ። አይጥ የበላት መሰለኝ፤ ቀበቶውን አይጥ በልቶታል ብለሽኝ ነበርና። ያኔ መጀመሪያ ስሠራት የማጣበቂያ ጣሳ የምናሞቅበት ምድጃ ውስጥ ከተትኳት። አዲሷን ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኋት። ያችን ጥግ በተለይ፣ እጁን እንዳትወጋው ብዬ። እንደ ሳሙና ለስላሳ ናት። ሄደሽ ንኪያት። ምንም የለባትም።

አባባ ሐር ከሐር በጨለማ በጣቱ የሚለይ ሰው ነው፤ አልተሳሳተም። ፈለገ፣ ቆየ፣ እንደሌለ አወቀ። ከዚያ ጥርሴን አገኘሁት ብሎ ሳቀ። ለደንበኛ እንኳ ያልሆነለትን ኮት «አምሮብሃል» ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ለእኔ ብሎ ዋሸ። እንድመጣ፤ አንገቴን ሳልደፋ በሩን እንድገባ።

እንዳወቅሁበት እንዳትነግሪው። አንቺም እንዳላወቅሽ ሁኚ። ሞተሯን ጭኑ ላይ አድርጎ «ጥግዋን አልነካሃትም አይደል?» ይለኛል፤ አውቀዋለሁ፣ ይጠይቀኛል። «አልነካኋትም አባባ፣ እንዳለች ናት» እለዋለሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ስለማመዳት ዋልኩ፤ ድምፄ እሺ ብሎኛል። የምፈራው እጄን የያዘኝ እንደሆነ ነው፤ እጄ መዋሸት አያውቅም።

ቡሎን